የሕዝብ ዜማ፣ የግለሰብ ሒሳብ

እ.ኤ.አ. በጥር 1968 ለገበያ የቀረበ አንድ የሸክላ ሽፋን አለ። ፎቶው ላይ ከድንጋይ የተሠራ ያረጀ በረት ይታያል። በረቱ አራት መስኮት አለው፤ በሦስቱ ሦስት ወጣቶች ብቅ ብለዋል፣ በአራተኛው ደግሞ አንድ ፈረስ። ባንዱ የሎስ አንጀለሱ «ዘ በርድስ» ነው። አልበሙ ከመውጣቱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ዴቪድ ክሮዝቢ የተባለውን ጊታር ተጫዋችና ድምፃዊ አባርሮ ነበርና፣ ክሮዝቢ ሽፋኑን ሲያይ ፈረሱ እሱን ለመስደብ የገባ መሰለው። የባንዱ መሪ ሮጀር ማክጊን በበኩሉ ነገሩ የአጋጣሚ ነው ባይ ነው፤ መስደብ አስበን ቢሆን ኖሮማ ፈረሱን አዙረን በኋላው እናቆመው ነበር ሲል ቀልዶበታል።

ከሁለቱ ማን ልክ እንደሆነ መፍረድ አያስፈልገንም። የሚገርመው ከጠቡ በፊት ያለው ነገር ነው። አራት መስኮት ስናይ አራት ሰው እንጠብቃለን፤ አንዱ ጎደለ ማለት ቦታው ባዶ ሆነ ማለት አይደለም፣ የጎደለው ሰው በቦታው ይታየናል። ባንድ የሚሉት ነገር እንዲህ ያለ ነው። አምስት ሰዎች ይሰበሰባሉ፣ ከአምስቱ የማንኛቸውም ያልሆነ ስድስተኛ ነገር ይወለዳል። ሰዉ የሚወደው፣ ሸክላ ገዝቶ ቤቱ የሚያስገባው፣ ስሙን ግድግዳ ላይ የሚለጥፈው ስድስተኛውን ነው። አምስቱ ሲጣሉ የሚጣሉትም በእሱ የተነሳ ነው። አብረን የሠራነው፣ ቆርሰን ልንካፈለው የማንችለው ነገር የማን ነው? ይህ ጥያቄ የሙዚቀኞች ብቻ አይደለም፤ ነገር ግን በሙዚቀኞች ላይ ሲደርስ በግልጽ ይሰማል፣ ድምፅ አለውና።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1964 ትሩባዶር በሚባለው የሎስ አንጀለስ የፎክ ሙዚቃ ክበብ ነው። ማክጊን (ያኔ ስሙ ጂም ነበር፤ ሮጀር የተባለው በ1967 ነው) ቺካጎ ውስጥ በፎክ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ባንጆና ጊታር ተምሮ ለታዋቂ ድምፃውያን አጃቢ ሆኖ የቆየ ልጅ ነው። ጂን ክላርክ ከሚዙሪ የመጣ፣ ትልቅ የፎክ ቡድን ጥሎ የወጣ፣ ዜማና ግጥም ከእጁ የማይጠፋ ደራሲ ነው። ክሮዝቢ የታዋቂ የሆሊውድ ካሜራ ባለሙያ ልጅ ነው። ሦስቱም ከፎክ የወጡ ናቸው፤ ሦስቱም ቢትልስን ከሰሙ በኋላ ልባቸው ሸፍቷል። ክሪስ ሂልማን ማንዶሊን ተጫዋች ነበር፤ ቤዝ ጊታር ያነሳው ባንዱ ቤዝ ስላጣ ነው። ድራመሩ ማይክል ክላርክ ደግሞ የራሱ ድራም አልነበረውም፤ በመጀመሪያዎቹ ልምምዶች ካርቶን እየደበደበ ነው ምት የጠበቀላቸው።

የቢትልስን «ኤ ሃርድ ዴይስ ናይት» ፊልም አይተው ወጡ። ማክጊን በጆርጅ ሃሪሰን እጅ ያየው ሪከንባከር የተባለ ባለ 12 ክር የኤሌክትሪክ ጊታር ከዓይኑ አልጠፋም፤ የነበሩትን መሣሪያዎች ሰጥቶ አንዱን ገዛ። ያ ጊታር እንዴት እንደሚጮህ ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ክሮቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ በስድስት ጥንድ ተደርድረዋል፤ ከጥንዶቹ አራቱ አንዱ ክር ወፍራም፣ ሌላው በአንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ የተቃኘ ቀጭን ናቸው። አንዴ ሲነካ ሁለት ድምፅ ይወጣል። ማክጊን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ፒክ ይይዛል፣ በመካከለኛውና በቀለበት ጣቱ ላይ ደግሞ የብረት ጥፍር ያጠልቃል፤ ከዚያ ባንጆ እንደሚገረፍ አድርጎ ክሮቹን በተራ ያንከባልላቸዋል። የመሣሪያው ድምፅ ቶሎ የሚሞት ነበር፤ የስቱዲዮው ባለሙያ በኮምፕሬሰር ሲያሳልፈው ግን እንደ ደወል ረዘመ። ያንን ድምፅ ማን ፈጠረው? ጊታሩን የሠራው ፋብሪካ? የባንጆውን አገራረፍ ያወረሱት የገጠር ተጫዋቾች? ማክጊን? ወይስ መሣሪያው እንዳይቃጠልበት ብሎ ድምፁን የጨመቀው ባለሙያ? ጥያቄው ገና ከመጀመሪያው ኖት ላይ ተነስቷል።

ጥር 20 ቀን 1965 የቦብ ዲላንን «ሚስተር ታምቡሪን ማን» ሊቀርጹ ወደ ኮሎምቢያ ስቱዲዮ ሲገቡ ፕሮዲዩሰሩ ቴሪ ሜልቸር በአምስቱ ችሎታ አልተማመነም። ከባንዱ መሣሪያ ይዞ የተጫወተው ማክጊን ብቻ ነው። ድራሙን ሃል ብሌን፣ ቤዙን ላሪ ክኔክተል መቱት፤ እነሱና ጓደኞቻቸው ዛሬ ለዚህ ነገ ለዚያ ድምፃዊ የሚሠሩ የሆሊውድ የስቱዲዮ ሙዚቀኞች ነበሩ። ማክጊን፣ ጂንና ክሮዝቢ ዘፈኑ። ሂልማንና ማይክል የሸክላው ባለቤቶች ናቸው፤ ሸክላው ውስጥ ግን የሉም። ዲላን ከአምስት ደቂቃ በላይ የዘፈነውን ባለ አራት አንቀጽ ዘፈን እነሱ አንድ አንቀጽ ብቻ አስቀርተው ከሁለት ደቂቃ ተኩል በታች አደረጉት። በሰኔ በአሜሪካ፣ በሐምሌ በእንግሊዝ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። ፎክ-ሮክ የሚለው ስም በየጋዜጣው የተዛመተው ከዚያ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ፌዘኛ ቢኖር «ታዲያ ባንዱ የት አለ?» ይላል። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ዓለም «ዘ በርድስ» ብሎ የወደደው የመጀመሪያ ድምፅ ግማሽ ያህሉ የሌሎች ሰዎች እጅ ነው። ሆኖም ሸክላው ዋሸ ብሎ መዝጋት ነገሩን አያስጨርስም። አምስቱ ከአልበሙ ሌሎች ዘፈኖች አብዛኞቹን ራሳቸው ተጫወቱ፤ በሰንሴት ጎዳና በሚገኘው «ሲሮስ» የምሽት ክበብ እየተጫወቱ እጃቸውን አፍታቱ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ስማቸው የሚጠይቃቸውን መሆን ቻሉ። ስሙ ቀደመ፣ ሰዎቹ ተከተሉ። «እኛ» የሚለው ቃል በብዙ ቦታ እንዲህ ነው የሚሠራው። ሙሽሮች «እኛ» ሲሉ ገና አንድ ቤት አልኖሩም፤ አገር የሚመሠርቱ ሰዎች «እኛ» ሲሉ አብዛኛው ሕዝብ ገና አልሰማቸውም። «እኛ» ስለ ነበረው የሚሰጥ ምስክርነት ከመሆኑ በፊት ስለሚመጣው የሚገባ ቃል ኪዳን ነው። ቃል ኪዳን ደግሞ ሲነገር እውነት ወይም ውሸት አይባልም፤ በኋላ ይጠበቃል ወይም ይፈርሳል።

የተጠበቀበት ቦታ ድምፃቸው ውስጥ ይሰማል። ማክጊንና ጂን ብዙ ጊዜ አንዱን ዜማ እኩል ይዘው ይዘፍናሉ፤ ሁለቱ ተደራርበው የአንድ ሰው ድምፅ ይመስላሉ፣ ያ ሰው ግን ከሁለቱ አንዱም አይደለም። መሪው ዜማ በሁለት ሰው ስለተያዘ ክሮዝቢ ከላይ እንደፈለገው የመውጣትና የመውረድ ነፃነት አገኘ። ሁለቱን ብቻ ብትሰማ ደረቅ ነው፤ ክሮዝቢን ብቻ ብትሰማ የሚሄድበት የማይታወቅ ነው። ሦስቱ ሲገጥሙ የሚወጣውን ነገር ከሦስቱ የትኛው አመጣው ብሎ መጠየቅ፣ የጉርሻውን ጣዕም ከእንጀራውና ከወጡ የትኛው አመጣው ብሎ እንደ መጠየቅ ነው። መልስ ስለሌለው ማንም አይጠይቀውም። ሒሳብ የሚሠራ ሰው ግን መጠየቅ ግድ ይለዋል።

ሒሳቡ የመጣው በሸክላው ጀርባ በኩል ነው። በዚያን ጊዜ ባለ 45 ዙር ሸክላ ሁለት ፊት ነበረው፤ ፊት ለፊቱ ሰዉ የሚገዛው ዘፈን፣ ጀርባው ማሟያ። በአሜሪካ ሕግ ለደራሲው በእያንዳንዱ ቅጂ የተደነገገው ክፍያ ለአንድ ዘፈን 2 ሳንቲም ነበር፤ እሱንም ደራሲና አሳታሚ ይካፈሉታል። ሕጉ የትኛው ፊት ሸክላውን እንደሸጠው አይጠይቅም፤ ጀርባውም ከፊቱ እኩል ይከፈለዋል። በ«ሚስተር ታምቡሪን ማን» ጀርባ የነበረው ዘፈን የጂን ክላርክ ነው። በዚያው ዓመት ቀጥሎ በወጣው ሸክላ ጀርባም የጂን ዘፈን አለ። በታኅሣሥ አንደኛ በወጣው «ተርን! ተርን! ተርን!» ጀርባም እንዲሁ። እያንዳንዱ ሸክላ በተሸጠ ቁጥር ከአምስቱ ለአንዱ የደራሲነት ገንዘብ ይገባል፤ የተቀሩት የሚያገኙት ለአምስት ከሚከፈለው የተጫዋችነት ድርሻ ብቻ ነው። ጂን ማንንም አላታለለም። የጻፈው እሱ ነው፣ ሕጉ የሰጠውን ወሰደ። ሆኖም አብረውት የሚደክሙት ጓደኞቹ ተመሳሳይ መኪና ተሳፍረው፣ ተመሳሳይ መድረክ ላይ ቆመው፣ ኪሳቸው ግን የተለያየ መሆኑን አዩ። ከዚያ በኋላ አልበም ሲዘጋጅ የሚነሳው ክርክር ስለ ዜማ ይመስላል፤ ከሥሩ የማን ዘፈን ይግባ የሚል የገንዘብ ጥያቄ ተቀምጧል።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። ተረቱ ውብ ነው፤ የሚወስደን ግን አንበሳው እስኪታሰር ድረስ ብቻ ነው። ከታሰረ በኋላ ቆዳው የየትኛው ክር ነው? ተረቱ ዝም ይላል። የባንድ ታሪክ የሚጀምረው ተረቱ ከሚያበቃበት ነው።

ነገሩ በ«ዘ በርድስ» ላይ የከፋው በአባላቱ ጠባይ ብቻ አይመስለኝም። ፎክ-ሮክ ስንል ብዙ ጊዜ የምናስበው የድምፅ ጋብቻን ነው፤ የጥንቱ የገጠር ዜማ ከኤሌክትሪክ ጊታርና ከድራም ጋር ተጋባ እንላለን። ከድምፁ ሥር ግን ሁለት የንብረት ሥርዓቶችም ተጋብተዋል። ፎክ ባለቤት የለውም፣ ወይም ባለቤቱ ብዙ ነው። በካሴት ሽፋን ላይ «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» የሚለውን እያነበበ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ዜማው ከአፍ ወደ አፍ ሲሻገር አንዱ ስንኝ ይጥላል፣ ሌላው ይጨምራል፤ የጨመረውም የጣለውም መዝገብ አይዝም። ሮክ ግን ገና ሲወለድ መዝገብ ይዞ ነው የተወለደው፤ ደራሲ አለው፣ አሳታሚ አለው፣ ውል አለው፣ በየሳምንቱ የሚወጣ የሽያጭ ሰንጠረዥ አለው። ከጋራ መሶብ የበላ እጅ ደረሰኝ እንዲፈርም ሲጠየቅ የሚፈጠረው መደናገር የፎክ-ሮክ መደናገር ነው።

«ተርን! ተርን! ተርን!» ይህን በአንድ ዘፈን ውስጥ ያሳያል። ግጥሙ የመጽሐፈ መክብብ ሦስተኛ ምዕራፍ ነው፤ እኛ ዘንድ በለቅሶ ቤትም በሠርግ ቤትም የሚጠቀሰው፣ ለመወለድና ለመሞት፣ ለመትከልና ለመንቀል ጊዜን የሚያድለው ክፍል። ዜማውን ያበጀለት ፒት ሲገር የተባለው አንጋፋ የአሜሪካ ፎክ ዘፋኝ ነው፤ ከራሱ የጨመረው ጥቂት ቃላትና በመጨረሻው ላይ የሰላም ምኞት ብቻ መሆኑን ሲገር ራሱ ሳይደብቅ ይናገር ነበር። እሱ ግን በመዝገቡ ላይ ደራሲ ነው። ከሺህ ዓመታት በፊት የተጻፈ ቃል በ1965 መጨረሻ በአሜሪካ አንደኛ ወጣ፣ የየቅጂው ሳንቲምም አድራሻ ተገኘለት። ሲገር በኋላ ከዚያ ገቢ ከፊሉን በእስራኤል የቤት ማፍረስን ለሚቃወም ኮሚቴ ሰጥቷል። ከጋራ የተወሰደ ነገር ላይ ስምህ ሲጻፍ ምን ታደርጋለህ ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ ነው፤ ስሙን አልፋቀም፣ እጁን ግን አልዘጋም።

አባላቱ እንዲህ ያለ ፋታ አላገኙም። በ1966 መጀመሪያ ጂን ወደ ኒው ዮርክ ሊበር አውሮፕላን ውስጥ ከገባ በኋላ ፍርሃት ያዘውና ወረደ፤ ከባንዱም ወጣ። በርድስ ማለት ወፎች ማለት ነውና መብረር የማይችል ወፍ አይሆንም የሚለው ቀልድ እስከ ዛሬ ይነገራል። ቀልዱ ግን ብዙ ይሸፍናል። የጂን ጭንቀት የአውሮፕላን ብቻ አልነበረም፤ በገንዘቡ የተነሳ የመጣው ቅሬታ፣ የጉዞው ድካም፣ የዝናው ክብደት አብረው ተሳፍረው ነበር። በዚያው ዓመት በመጋቢት የወጣው «ኤይት ማይልስ ሃይ» ወደ ለንደን ካደረጉት በረራ የተነሳ ዘፈን ነው። በዋናነት የጻፍኩት እኔ ነኝ የሚለው ጂን ነበር፤ ማክጊን ደግሞ ሐሳቡ የእኔ ነው ይል ነበር፤ ክሮዝቢም ድርሻ አለኝ ባይ ነው። በመዝገቡ የሦስቱም ስም አለ። የጊታሩ ሶሎ ማክጊን የጆን ኮልትሬንን ሳክስፎን በጊታር ሊከተል የሞከረበት ነው፤ ለጉብኝት ሲወጡ የኮልትሬንና የሕንዳዊውን ሲታር ተጫዋች የራቪ ሻንካርን ሙዚቃ በአንድ ካሴት ይዘው በአውቶቡሱ ውስጥ ደጋግመው ያዳምጡ ነበር። ኮልትሬንና ሻንካር በመዝገቡ ላይ የሉም። ማን ምን አዋጣ ብለህ ስትቆጥር ቆጠራው ወደ ውጭ እየሰፋ ይሄዳል እንጂ ወደ አንድ ሰው እየጠበበ አይመጣም።

ክሮዝቢ የሄደበት መንገድ ሌላ ነው። በሰኔ 1967 በሞንተሬይ ፌስቲቫል ላይ በዘፈኖቹ መካከል ስለ ኬኔዲ ግድያና ኤልኤስዲ ስለተባለው አደንዛዥ ዕፅ ረጅም ንግግር አደረገ፤ ሌሎቹ ቆመው ጠበቁት፣ ተናደዱም። «እኛ» እያለ የሚናገረው ሰው አላማከራቸውም። በጥቅምት ማክጊንና ሂልማን ቤቱ ድረስ ሄደው ከባንዱ መውጣቱን ነገሩት። ክሮዝቢ የጻፈው አንድ ዘፈን ፈረሱ ካለበት አልበም ተገፍቶ የውጭ ደራሲዎች ዘፈን ስለገባም ተቀይሞ ነበር። ከስቲቨን ስቲልስና ከግራሃም ናሽ ጋር አዲስ ባንድ ሲያቋቁም ሦስቱ የባንዱን ስም ከራሳቸው የቤተሰብ ስም ሠሩት፤ አንዱ ቢወጣ ስሙ ራሱ ይጎድላል፣ ማንም በማንም ቦታ አይገባም። ከዚያ ወዲያ በመስኮት ብቅ የሚል ፈረስ የለም። ብልህ መፍትሔ ነበር፤ ጠብን ግን አላስቀረም። ሦስቱ ለአሥርተ ዓመታት ሲጣሉና ሲታረቁ ኖሩ። ስምን መቆለፍ ስድስተኛውን ነገር መቆለፍ አይደለም።

በ1968 መጀመሪያ ግራም ፓርሰንስ የተባለ ሙዚቀኛ መጣና ባንዱን ወደ ካንትሪ ሙዚቃ አዞረው። እሱ ዘንድ ደግሞ የንብረት ነገር ድምፁ ድረስ ገባ። ቀድሞ ከሌላ ኩባንያ ጋር የፈረመው ውል ስለነበረ ክርክር ተነሳ፣ አንዳንድ ዘፈኖች ላይ የእሱ ድምፅ ተነስቶ በማክጊን ተተካ። በሐምሌ ባንዱ ወደ አፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ሊጓዝ ሲነሳ ፓርሰንስ አልሄድም ብሎ ለንደን ቀረ። ሂልማን ምክንያቱ ከሮሊንግ ስቶንስ ጓደኞቹ ጋር መክረም ፈልጎ ነው ሲል ተጠራጥሮታል። ሐሳቡ ምንም ይሁን ምን፣ ጉዞው የተካሄደው በ«ዘ በርድስ» ስም ነው፤ ወቀሳውም በስሙ ላይ ነው የወረደው። ድርሻ ስንል ሁልጊዜ ትርፍን እናስባለን። በጋራ የተያዘ ስም ኀፍረትንም በጋራ ያመጣል፣ ኀፍረትን ግን 2 ሳንቲሜን ስጡኝ ብሎ የሚከራከርበት የለም።

እነዚህን ሁሉ መለያየቶች አይቶ ወደ መጽሐፈ መክብብ መመለስ ይቀላል። ለመሰብሰብም ለመበተንም ጊዜ አለው፤ ተሰበሰቡ፣ ዘፈኑ፣ ጊዜያቸው ደረሰ፣ ተበተኑ። ሲሉት ያምራል፣ ያጽናናልም። እኔ ግን መጽናናቱ ቶሎ እንዳይመጣ እፈልጋለሁ። ጊዜ ማንንም አላባረረም፤ ሰዎች ናቸው ሰው ቤት ሄደው «ከዛሬ ጀምሮ አትመጣም» ያሉት። ጊዜ በጂን ላይ አልቀናም፤ ጓደኞቹ ናቸው። ሰው ያደረገውን ለጊዜ መስጠት እጅን መታጠብ ነው። ጂን ከዚያ በኋላ ውብ አልበሞች ሠራ፤ «ኖ አዘር» የተባለው የ1974 ሥራው ዛሬ እንደ ድንቅ ቢቆጠርም በወጣበት ጊዜ ገዢ አላገኘም። መጠጥ ጎዳው፤ በግንቦት 1991 በ46 ዓመቱ ሞተ። ይህን ሁሉ «ጊዜው ነበር» ብሎ መዝጋት ለሟቹም ለመጽሐፉም ክብር አይሆንም።

ይልቅስ ምዕራፉን በሌላ ዓይን ማንበብ ይቻላል። ጥንዶቹን ሲደረድር አንዱን ከሌላው አያስበልጥም። መበተን የመሰብሰብ ውድቀት ነው አይልም። ይህን ከተቀበልን ስለ ባንዶች የምንጠይቀው ጥያቄ ይለወጣል። «ለምን ፈረሰ?» ማለት ትተን «እንዴት ፈረሰ?» እንላለን። ሁሉም ይፈርሳል፤ ፍርድ ያለው በአፈራረሱ ላይ ነው።

የ«ዘ በርድስ» አፈራረስ ረጅም ነው። ሂልማን በ1968 መጸው ወጣ። ማክጊን ከመጀመሪያዎቹ አምስቱ ብቻውን ቀርቶ በአዳዲስ ሙዚቀኞች እስከ 1973 ስሙን ይዞ ዞረ። በዚያው ዓመት አምስቱ ተመልሰው አንድ አልበም ሠሩ፤ ሰዉ የጠበቀውን አላገኘበትም። በ1980ዎቹ ድራመሩ ማይክል በ«ዘ በርድስ» ስም ሌሎችን ይዞ ሲዞር፣ ማክጊን፣ ክሮዝቢና ሂልማን በ1989 ፍርድ ቤት ከሰሱት፤ ዳኛው ስሙን እንዳይጠቀም ያቀረቡትን ጥያቄ አልተቀበለም። አስቡት፤ ካርቶን ሲደበድብ የጀመረው፣ በመጀመሪያው ሸክላ ላይ ድምፁ የሌለው ሰው ስሙን ይዞ ወጣ። በ1991 ጥር አምስቱም ኒው ዮርክ ላይ ለክብር ተጠርተው አብረው ቆሙ፣ አብረው ዘፈኑ፤ ለመጨረሻ ጊዜ ነበር። ማይክል በ1993 ሞተ። በ2002 የስሙን መብት በእጁ ያስገባው ማን ነው? ክሮዝቢ፤ ያባረሩት ሰው፣ ፈረሱ በቦታዬ ገባ ያለው። እሱም በ2023 አረፈ። ስሙ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የሰማነው ድምፅ ግን አብሮት አልዞረም፤ ድምፁ ከ1965 እና ከ1966 ሸክላዎች ውስጥ ወጥቶ አያውቅም። ፍርድ ቤት መስጠት የሚችለው ስሙን ነው። ስድስተኛውን ነገር ለማንም መፍረድ አይችልም፣ ምክንያቱም አምስቱ በአንድነት ካልሆኑ በቀር ማንም አልያዘውም።

ሌላ መንገድ ነበር? ነበር፤ ከዚያው ጊታር ልጆች መካከል ይገኛል። በ1980 በጆርጂያ ክፍለ ግዛት በአቴንስ ከተማ የተመሠረተው «አር.ኢ.ኤም.» የተባለው ባንድ የማክጊንን የሚጮህ ሪከንባከር ድምፅ ወርሷል። አራቱ አባላት ገና ከጅምሩ አንድ ነገር ተስማሙ፦ ዘፈኑን ማንም ይጻፈው ማን፣ በመዝገቡ የአራቱም ስም ይሰፍራል፣ ገንዘቡም እኩል ይካፈላል። በሒሳብ ሲታይ ይህ ውሸት ነው። በእያንዳንዱ ዘፈን አራቱ እኩል እንዳላዋጡ እነሱም ያውቃሉ። ግን የትኛውም ክፍፍል ውሸት መሆኑ ቀድሞ ገብቷቸዋል፤ ስለዚህ ከውሸቶቹ መካከል ማንንም የማያጣላውን መረጡ። ድራመሩ በ1997 በሰላም ወጣ፤ ባንዱም በ2011 ያለ ክስና ያለ ስድብ ተሰነባበተ። እነሱም ተበትነዋል። አብረው ቢኖሩ ኖሮ ይሻል ነበር ማለቴ አይደለም፤ ሲለያዩ የሚካሰሱበት ነገር አልነበራቸውም ማለቴ ነው።

ማክጊን ራሱ በእርጅናው ወደ ፎክ ተመልሷል። ከኅዳር 1995 ጀምሮ በየወሩ አንድ የሕዝብ ዘፈን ቀርጾ ማንም በነፃ እንዲያዳምጠው በኢንተርኔት ያኖራል። መርከበኞች የዘፈኗቸው፣ ባላገሮች ያወረሷቸው፣ የደራሲያቸው ስም የጠፋ ዘፈኖች ናቸው። ዓላማዬ እንዳይረሱ ማድረግ ነው ይላል። በስም ጉዳይ ፍርድ ቤት ድረስ የሄደ ሰው ስም ከሌላቸው ዘፈኖች ጋር መክረሙን ስመለከት የተጸጸተ ሰው አይታየኝም፤ የጋብቻውን ሁለት ወገን ለያይቶ አንዱን የመረጠ ሰው ነው የሚታየኝ። የሮክ መዝገብ የሰጠውን ኑሮ ይዟል፣ ልቡን ግን ክፍያ በማይጠየቅበት ወገን አኑሯል።

እንዲህ ያለ ነገር የሚገጥመው ጊታር የያዘ ብቻ አይደለም። አብረው ሱቅ የከፈቱ ወንድማማቾች፣ መጽሔት ያቋቋሙ ጓደኛሞች፣ ከአንድ ወንበር የተነሱ አሳቢዎች ሁሉ አንድ ቀን «ይህን ያመጣሁት እኔ ነኝ» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ትመጣባቸዋለች። ዓረፍተ ነገሯ ብዙ ጊዜ እውነት ናት፤ ጂን ዘፈኖቹን ጽፏል፣ ክሮዝቢ ያንን የላይ ድምፅ አምጥቷል፣ ማክጊን ጊታሩን አስጩኾታል። ሦስቱም እውነት ናቸው፣ ተደምረው ግን ባንዱን አይሆኑም። በጋራ የተሠራ ነገር ላይ የእያንዳንዱን ድርሻ ፈልገን አናገኘውም፤ ተስማምተን እንወስነዋለን። ውሳኔው አንበሳው ሳይታሰር በፊት ከተደረገ ቃል ኪዳን ይባላል፤ ከታሰረ በኋላ ከተደረገ ክርክር። ገንዘብ ይካፈላል፣ ስም ይሸጣል፣ ድምሩ ግን አይቆረስም። ገንዘቡን ስናካፍል ድምሩን ያካፈልን የመሰለን ዕለት ቡድኑ ፈርሷል፤ መፍረሱ በጋዜጣ የሚወጣው በኋላ ነው።